የትከሻ ስብራትና የጅማት ጉዳት፦ በማንጠልጠያ ይዳን ወይስ በቀዶ ሕክምና ይጠገን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ታናሽ ወንድሜ 42 ዓመቱ ነው፤ የሕንፃ ቀለም ቀቢ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከእስካፎልድ ላይ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ወለቀ፤ አጥንቱም ተሰበረ። ውልቃቱን በዚያው ቀን ሆስፒታል መለሱለት። እስካሁን ግን ክንዱን ማንሳት አልቻለም። አንዱ ሐኪም በማንጠልጠያ ይድናል ሲለን ሌላው ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል አለን። ሲቲ ስካኑ ግሬተር ቲዩበሮሲቲ የሚባለው አጥንት 9 ሚሊ ሜትር ወደ ላይና ወደ ኋላ ሸሽቷል ይላል። አልትራሳውንዱ ደግሞ ጅማት ተቀዷል ይላል። እናታችን ወጌሻ ይየው እያለች ነው። የሚጠገነው አጥንቱ ነው ወይስ ጅማቱ? ብረት ይገባለታል? ወደ ሥራው ይመለሳል? የምንኖረው ሻሸመኔ ነው።»

ውድ ጠያቂያችን፣ ፍርዴን ላስቀድም። በጻፉልኝ መሠረት ወንድምዎ በቀዶ ሕክምና መታከም ያለበት ሰው ነው፤ ያውም በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። አጥንቱንና ጅማቱን ደግሞ እንደ ሁለት ጉዳት አትዩአቸው። በዚህ ዓይነት ስብራት አጥንቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ጅማቱም አብሮ ይመለሳል፤ አጥንቱ ከቦታው ርቆ ከቀረ ደግሞ ጅማቱ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ሥራውን መሥራት አይችልም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ላስረዳ። የላይኛው የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ክብ ራስ አለ፤ ከራሱ ጎን ሁለት ጉብታዎች ይገኛሉ። ግሬተር ቲዩበሮሲቲ የሚባለው በውጭ በኩል ያለው ትልቁ ጉብታ ነው፤ ትንሹ ከፊት ለፊት ነው። ከጀርባ ካለው የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ተነስተው ክንድን የሚያነሱና የሚያዞሩ አራት ጡንቻዎች አሉ፤ በአንድነት ሮቴተር ከፍ ይባላሉ። የሦስቱ ጅማት የሚያርፈው በትልቁ ጉብታ ላይ ነው፤ የአራተኛው በትንሹ ላይ። እንግዲህ ጉብታው ተሰብሮ ሲነሳ ሦስት ጅማቶች መያዣቸውን አጡ ማለት ነው። ካስማው ከተነቀለ ገመዱ ባይበጠስም ድንኳኑ አይቆምም፤ የወንድምዎ ትከሻ ላይ የደረሰው ይህ ነው።

ሲቲ ስካኑ «ወደ ላይና ወደ ኋላ» ያለውም በምክንያት ነው። ሱፕራስፓይናተስ የሚባለው ጡንቻ ወደ ላይ ይስባል፤ ኢንፍራስፓይናተስና ቴሬስ ማይነር ወደ ኋላ ይስባሉ። የተሰበረው አጥንት የሄደው እነሱ በጎተቱት አቅጣጫ ነው። ማንጠልጠያ ክንዱን ያሳርፋል፤ የጡንቻዎቹን ጉተታ ግን አያስቆምም። በዚህም የተነሳ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ደህና የሚመስል ጉብታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሸሽቶ ሊገኝ ይችላል። ውልቃት ተመልሶለት ቤቱ የሄደ ሰው በሳምንቱ ሌላ ራጅ መነሳት አለበት የምንለው ለዚህ ነው። ራጁም ቢሆን ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ ከተነሳ የሸሸው አጥንት ከአጥንቱ ክብ ራስ ጀርባ ተደብቆ አይታይም። ሲቲ ስካን ማስነሳታችሁ ጥሩ አድርጋችኋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሐኪሞች ልመለስ። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኒር የዚህን አካባቢ ስብራት ሲከፋፍሉ፣ አንድ ስባሪ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሸሸ ወይም ከ45 ዲግሪ በላይ ከታጠፈ ቦታውን ለቋል የሚል ልኬት አስቀመጡ። ይህ ልኬት ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ በእሱ ከሄድን 9 ሚሊ ሜትር ከወሰኑ በታች ነው። በኋላ ግን ሐኪሞች ትልቁ ጉብታ ከሌሎቹ ስባሪዎች የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ተገነዘቡ፤ ዛሬ አብዛኞቻችን ለዚህ ጉብታ 5 ሚሊ ሜትርን እንደ ወሰን እንይዛለን። ከራሱ በላይ እጁን ዘርግቶ ለሚሠራ ሰው ወሰኑን ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚያወርዱም አሉ። ቀለም ቀቢ ቀኑን ሙሉ ኮርኒስና ግድግዳ ላይ እጁን ሰቅሎ የሚውል ሰው ነው፤ ቀኝ እጁ ደግሞ እንጀራው ነው።

የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ይህን ያህል የሚከብደው ቦታው ጠባብ ስለሆነ ነው። ከጉብታው በላይ የትከሻ ጣሪያ የምንለው አጥንት አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጉብታው ወደ ላይ ሸሽቶ እዚያው ከጠነከረ ክንዱ በተነሳ ቁጥር ከጣሪያው ጋር ይጋጫል። ወደ ኋላ ሸሽቶ ከጠነከረ ደግሞ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ይከለክላል። ከዚህ በላይ፣ የጅማቶቹ መያዣ ወደ ጡንቻው ስለቀረበ ጡንቻው ይላላል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከወራት በኋላ የጠነከረውን አጥንት እንደገና ቆርጦ ማውረድ ይቻላል፤ ግን ከባድ ሥራ ነው፣ ውጤቱም በጊዜ ከተሠራው ጋር አይወዳደርም።

በማንጠልጠያ ይዳን ያሉት ሐኪም ሌላም መነሻ ሊኖራቸው ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተደረገ ፕሮፈር የሚባል ትልቅ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር፤ የክንዳቸው አጥንት አንገት (ከክብ ራሱ በታች ያለው ክፍል) የተሰበረ 250 ሰዎችን ግማሹን በቀዶ ሕክምና፣ ግማሹን ያለ ቀዶ ሕክምና አክሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ልዩነት አላገኘም። ጥሩ ጥናት ነው፤ ብዙ አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምናንም አስቀርቷል። ነገር ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 66 ነበር፤ የተጠናው የአንገት ስብራት ነው፤ ከውልቃት ጋር የመጡትም አልተካተቱም። የወንድምዎ ጉዳት ከውልቃት ጋር የመጣ የጉብታ ስብራት ስለሆነ ያ ውጤት እሱን አይገልጽም።

አልትራሳውንዱ ስላለው የጅማት መቀደድ ግን ጥቂት ተጠንቀቁ። ጉብታው ሲሰበር ጅማቱ አብዛኛውን ጊዜ ከስባሪው ጋር እንደተያያዘ ይሄዳል። አካባቢው ደም ቋጥሮ አጥንቱም ቦታውን ለቆ ሳለ አልትራሳውንድ ላይ የተቀደደ መምሰሉ የተለመደ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከ40 ዓመት በኋላ ትከሻው የወለቀ ሰው ጅማቱ በእርግጥም ሊቀደድ ይችላል፤ ዕድሜ እየገፋ በሄደ ቁጥር ይህ ይበዛል። ኤምአርአይ ቢገኝ ሥዕሉን ያጠራዋል። ቢሆንም ለኤምአርአይ ወረፋ ብላችሁ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። ቀዶ ሐኪሙ ጉብታውን ለማውረድ ሲከፍት ጅማቶቹን በዓይኑ ያያቸዋል፣ በእጁም ይፈትሻቸዋል፤ ተቀድዶ ካገኘው በዚያው ይሰፋዋል።

አንድ ነገር ሳይመረመር ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳይገባ፤ ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ነው። ክንድ አለመነሳቱ ከአጥንቱ፣ ከጅማቱ ወይም ከሕመሙ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከነርቭም ሊሆን ይችላል። ትከሻ ሲወልቅ በብብት በኩል የሚያልፈው አክሲላሪ የሚባለው ነርቭ ይለጠጣል። ይህ ነርቭ ትከሻን ከውጭ የሚሸፍነውን ዴልቶይድ የተባለውን ትልቅ ጡንቻ ያሠራል፤ በትከሻው ውጫዊ ጎን ላለው ቆዳም ስሜት ይሰጣል። ሐኪሙ ያን ቆዳ ነክቶ ከግራው ጋር ያስተያይ፤ ከዚያም ወንድምዎ ክርኑን ወደ ጎን እንዲገፋ አድርጎ ጡንቻው መጨበጡን በመዳፉ ይዳስስ። ነርቩ ተጎድቶ ከተገኘ አትደንግጡ፤ አብዛኛው መለጠጥ ስለሆነ በወራት ውስጥ ይመለሳል። የነርቭ መመርመሪያው ኢኤምጂ ትርጉም ያለው ውጤት የሚሰጠው ከጉዳቱ ሦስት ወይም አራት ሳምንት በኋላ ስለሆነ አሁን ጊዜው ነው። ቁምነገሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተመዝግቦ መቀመጡ ነው። ካለዚያ በኋላ ድክመት ሲታይ ከአደጋው ይሁን ከቀዶ ሕክምናው የሚለይ ሰው አይኖርም።

እናታችሁን በተመለከተ፣ በልጃቸው ጭንቀት የሚሉትን ይላሉ፤ በአገራችን ሰው ሲሰበር ወጌሻ ጋር መሄድ የአባት እናት ወግ ነው፣ እኔም አላናንቀውም። ይህ ጉዳት ግን በእሽትና በመጎተት የሚገባ አይደለም። ስባሪውን የሚጎትቱት ሦስት ጡንቻዎች ናቸው፤ ከቆዳ በላይ ሆኖ እነሱን ወደ ታች የሚያወርድ እጅ የለም። በውልቃት ጊዜ የአጥንቱ አንገት ላይ የማይታይ ስንጥቅ ከቀረ ደግሞ ክንዱን መጎተትና መጠምዘዝ ስንጥቁን ወደ ሙሉ ስብራት ሊለውጠው ይችላል፤ ያኔ ጉዳዩ ከአንድ ጉብታ አልፎ የአጥንቱ ክብ ራስ የደም ዝውውር ጉዳይ ይሆናል። የተለጠጠ ነርቭም ተጨማሪ መጎተት አይችልም። ይህን ለእናታችሁ ሲቲ ስካኑን አሳይቶ የሚያስረዳ ሐኪም ብታገኙ ከክርክር ይሻላል።

ብረት ይገባለታል ወይ ላሉት፣ መልሱ በስባሪው መጠን ይወሰናል። ጉብታው አንድ ትልቅ ቁራጭ ሆኖ አጥንቱም ጠንካራ ከሆነ ከሥሩ ዋሸር ባለው አንድ ወይም ሁለት ብሎን ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን የዚህ ጉብታ አጥንት ቅርፊቱ ቀጭን፣ ውስጡ ልል ነው። ብሎን ሲጠብቅበት መሰባበሩ ያለ ነው፤ በተለይ ቁራጩ ትንሽ ከሆነ ወይም ብዙ ቦታ ከተከፋፈለ። በዚህ ቦታ ከአጥንቱ ይልቅ ጅማቱ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ጠንካራ የማይሟሟ ክር ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ እናሳልፋለን፤ ቁራጩን በክሩ ጎትተን ወደ ጎጆው እናወርዳለን፤ ከዚያም ክሩን ከታች ባለው ጤነኛ አጥንት ላይ እናስራለን። ማሰሪያው አንከር የሚባል አጥንት ውስጥ የሚቀበር ትንሽ መያዣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በድሪል የተበሳ ቀዳዳ። ጡንቻው ሲስብ ክሩ ቁራጩን ወደ ታች ጨምቆ ይይዘዋል። እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ ጉብታ ከብሎን ይልቅ በክር ማሰርን እመርጣለሁ። ፕሌት የሚባለው ጠፍጣፋ ብረት በብዛት የሚያስፈልገው ስብራቱ ወደ አጥንቱ አንገት ከወረደ ነው። ያኔም ቢሆን ጅማቶቹ በክር ከፕሌቱ ጋር መታሰር አለባቸው፤ ብሎኖቹ የአጥንቱን ራስ ይዘው ጉብታው ተፈትቶ የቀረበት ትከሻ ራጁ ቢያምርም አይነሳም።

አንከር ውድ ነው፤ ሁልጊዜም በገበያ ላይ አይገኝም። አንዳንድ ቦታ ታካሚው እንዲገዛ ስለሚጠየቅ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪሞላለት ሳምንታት ያልፋሉ። እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ አታዘግዩት። አጥንት በስቶ ክር ማሳለፍ አንከር ከመምጣቱ በፊት የነበረ፣ የተፈተነ ዘዴ ነው፤ በወጉ ከተሠራ ጥሩ ይይዛል። በካሜራ የሚሠራው አርትሮስኮፒም እንደዚሁ፦ ትንንሽ ስባሪዎችን በትንሽ ቀዳዳ መጠገን ያስችላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ላለ፣ መጣበቅ ለጀመረ ስባሪ ግን ከፍቶ መሥራቱ ሐኪሙ ቁራጩን በደንብ እንዲያላቅቅ ያስችለዋል።

የቀዶ ሕክምናው ሂደት እንዲህ ነው። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ ቢቻል የአንገት ሥር ነርቭ ማደንዘዣም ተጨምሮለት፣ በከፊል ተቀምጦ ይሠራለታል። ሐኪሙ በዴልቶይድ ቃጫዎች መካከል ወይም በፊት ለፊት በኩል ይገባል። በዴልቶይድ በኩል ከገባ ከትከሻው ጣሪያ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደወረደ መቆም አለበት፤ ቅድም ያነሳሁት ነርቭ ከዚያ በታች ጡንቻውን ዞሮ ያልፋል። የረጋውን ደምና የጀመረውን ጠባሳ ያጸዳል፤ ቁራጩን ያወርዳል፤ ያስራል፤ የተቀደደ ጅማት ካለ ይሰፋል። ከመዝጋቱ በፊት ክንዱን በሁሉም አቅጣጫ አንቀሳቅሶ ጉብታው እንደማይነቃነቅና ከጣሪያው ጋር እንደማይጋጭ በእንቅስቃሴ ራጅ ያያል።

የጊዜው ጉዳይ ከዚህ ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቁራጩ በቀላሉ ይወርዳል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እየተጣበቀ ቢሆንም አሁንም ይላቀቃል። ስድስተኛው ሳምንት ሲያልፍ አጥንቱ ቦታው ባልሆነ ቦታ መግጠም ይጀምራል፤ ጡንቻው ያጥራል፤ ያለ ሥራ የቆየ ጡንቻም ቀስ በቀስ ወደ ስብ ይለወጣል። ስብ የሆነ ጡንቻ ጅማቱ ቢሰፋለትም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ሪፈራል ወረቀቱን ነገ ያዙ። ለሻሸመኔ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ጥቁር አንበሳና አቤት ሆስፒታል የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አሏቸው። የሲቲ ስካኑን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሥዕሉ ያለበትን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ውሳኔ የሚሰጠው በሥዕሉ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ወንድምዎ የወደቀው ተቀጥሮ ሲሠራ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የቀዶ ሕክምናን ጨምሮ የሕክምና ወጪን አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። አደጋው በሥራ ላይ መድረሱን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ከመጀመሪያው ሆስፒታል አስወጡ።

ጉዳት የሌለው ቀዶ ሕክምና የለም። በዚህ ስብራት በብዛት የሚያጋጥመው የትከሻ መድረቅ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይብሳል፤ ስለዚህ ስኳሩ አስቀድሞ ይለካ። የቁስል ማመርቀዝ፣ የክሩ ወይም የአንከሩ መላቀቅ፣ የነርቭ መነካት አልፎ አልፎ ይከሰታሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁም፤ የጅማትንም የአጥንትንም መግጠም ያዘገያል። የገባው ብረት ካልቆረቆረው በስተቀር እንዲወጣ አያስፈልግም።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች በዕድሜ ለገፉ ወላጆቻቸው እንዳይወስዱት አንድ ነገር ልጨምር። ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ እናት ወድቀው የክንዳቸው ራስ ሦስት አራት ቦታ ቢሰበር፣ አጥንታቸው ሳስቶ ጅማታቸውም ቀድሞ ያለቀ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ጥገና ላይይዝ ይችላል። ለብዙዎቹ ማንጠልጠያና ቀስ ያለ ፊዚዮቴራፒ ይበቃል። ስብራቱ እጅግ የከፋ ከሆነ ሪቨርስ የሚባለው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ግራሞን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩት ሲሆን ኳሱንና ጎድጓዳውን ቦታ አለዋውጦ ክንዱ በዴልቶይድ ብቻ እንዲነሳ ያደርጋል። ለ42 ዓመት ሠራተኛ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሥራ ከቀዶ ሕክምናው አያንስም። ማንጠልጠያው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ጣት፣ አንጓና ክርን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀሱ። ትከሻው ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ በራሱ ጉልበት ሳይሆን በግራ እጁ ወይም በፊዚዮቴራፒስቱ እጅ እየተደገፈ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ስድስት ሳምንት እስኪሞላ ክንዱን በራሱ ኃይል አያንሳ፣ ወደ ውጭም አያዙር፤ የሚያነሱትና የሚያዞሩት ጡንቻዎች የተሰፋውን ቁራጭ በቀጥታ የሚጎትቱት ናቸው። እጁን ወደ ኋላ፣ ወደ ወገቡም አይስደድ። በእነዚህ ሳምንታት በከፊል ቀና ብሎ፣ ክርኑ ሥር ትራስ አድርጎ ይተኛ። ሸሚዝ ሲለብስ የታመመውን እጅ ያስቀድም፤ ሲያወልቅ ያስከትል። ብብቱ እንዳይረጥብና እንዳይላላጥ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ክንዱን አንጠልጥሎ ይታጠብ። በሁለተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ራጅ ይነሳ። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም ድንገት የጨመረ ሕመም ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይመለስ።

ወደ ሥራው መመለሱን በተመለከተ፣ ተስፋዬ ትልቅ ነው። ነርቩ ደህና ከሆነና ፊዚዮቴራፒውን ካላቋረጠ፣ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ በራሱ ማንሳት ይጀምራል፤ የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ከ10ኛው ወይም ከ12ኛው ሳምንት ይመጣል። ከደረት በታች ያለ ቀላል ሥራ ከሦስት ወር በኋላ፣ ኮርኒስ መቀባት ከአምስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ብላችሁ አስቡ። መሻሻሉ እስከ ዓመት ይቀጥላል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ዲግሪዎች ላይመለሱ ቢችሉም አብዛኛው ቀለም ቀቢ ያለ እነሱ መሥራት ይችላል። ወደ እስካፎልድ የሚወጣው ግን የወራቱ ቁጥር ስለሞላ ሳይሆን፣ በቀኝ እጁ ጨብጦ ራሱን መደገፍ እንደሚችል ፊዚዮቴራፒስቱ ፈትኖ ሲያረጋግጥ ነው። ምርመራው ላይ የነርቩ ውጤት ምን እንደሆነ ከጻፉልኝ የጊዜውን ግምት ከዚህ አጥርቼ እነግርዎታለሁ።